«ማርያምን፣ ምንም የለባትም!»

እኛ ሐበሾች መኪና ስንገዛ የምንመረምረው መኪናዋን ሳይሆን ሻጩን ነው። የማን ልጅ ነው? የት ሰፈር አደገ? ቤተ ክርስቲያን ይመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ከተገኘ ኮፈኗን መክፈት እንደ ስድብ ይቆጠራል። እኔም በዚህ ደንብ ተገዝቼ የእጄን አግኝቻለሁ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ስንኖር የእቁብ ዕጣ ደረሰኝና 3,800 ዶላር ይዤ ለባለቤቴ፣ ለሁለት ልጆቼና ለአማቴ የምትበቃ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡኝ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው የአገሬ ሰው ባለ ቱርቦ የቤተሰብ መኪና ሊሸጡ ነው ተባለ። ማርኳን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሠራት ፋብሪካ አልነበረም። ስደርስ ሞተሯ ተነሥቶ፣ ሞቆ ጠበቀኝ። ቡና ተፈላ። «ማርያምን፣ ምንም የለባትም! አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም» አሉኝ። መካኒክ ልጥራ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከማርያም በላይ መካኒክ?

በሦስተኛው ወር ለክርስትና ወደ ሪችመንድ ስንወርድ፣ አይ-95 ላይ ፍሬድሪክስበርግን እንዳለፍን፣ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ከኋላዬ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ ጭነት መኪና ጥሩምባውን እያንባረቀ ይመጣል። እንዴት አድርጌ ወደ ዳር እንዳወጣኋት ዛሬም አላውቀውም። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ፣ አማቴ ሥላሴን ይጠራሉ፣ ባለቤቴ ግን ምንም አልተናገረችም፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። መካኒኩ ከፍቶ ሲያያት የታይሚንግ ቺንጋዋ ተበጥሷል፤ ፒስተኖቹ ቫልቮላዎቹን መትተው አጣመዋቸዋል። ማሠሪያው ከመግዣዋ በለጠና በ200 ዶላር ለቁርጥራጭ ብረት ሸጥኳት።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ? ቺንጋ የሚባል ነገር እንዳላት ዛሬ ገና ከአንተ ሰማሁ» አሉኝ። ዘጋሁባቸው። ለስድስት ዓመታት በአንድ ቅጥር ግቢ እያስቀደስን ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ሰውዬው እንዳልዋሹኝ፣ የማሉትም በሚያውቁት ልክ እንደነበር የገባኝ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ያልመረመርኩት እኔ ነበርኩ።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። አሁን ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ልጆቹ ወልደዋል። እኔ ደግሞ በስተርጅና የልጅ ልጆች የምትጭን ግን እንደ ፈረስ የምትጋልብ መኪና አማረኝ። ባለቤቴ «ሞት ሲደርስ ጉዞ ይፈጥናል» ብላ አሾፈችብኝ። ልቤ ያረፈው ቮልቮ ቪ70 አር በምትባለው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2007 ሞዴል ተሸጣለች። ሲያዩዋት የትምህርት ቤት አመላላሽ ትመስላለች፤ ውስጧ ግን 2.5 ሊትር ባለ አምስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር፣ 300 የፈረስ ጉልበት አለ። አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ፍሬኗ ብሬምቦ ነው። ዛሬ በርካሽ ትገኛለች። ነገር ግን የእንዲህ ዓይነት መኪና መዘዙ እዚህ ላይ ነው፤ የእሷ ዋጋ ወርዷል፣ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አልወረደም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወጣት የአገር ልጅ የ2006 ሞዴል፣ 118 ሺህ ማይል የሄደች እንደሚሸጥ ሰማሁ። በስልክ «አደራ፣ ሳልመጣ እንዳታስነሣት» አልኩት። ስደርስ ኮፈኗን በእጄ ዳሰስኩ፤ ሞቃለች። «ጋሼ፣ ባትሪዋ እንዳይደክምብኝ ብዬ ነው» አለኝ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ይህን ያደረግኩት ለክፋት አይደለም። የሞቀ ሞተር ብዙ ኃጢአት ይደብቃል። ቱርቦው ያረጀ ከሆነ፣ ወይም ዘይት ወደ ሲሊንደር የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ሌሊቱን አድራ ስትነሣ ነው በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የምታወጣው። ነጭ ሆኖ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ጭስ ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነውና ወደ ቤት መሄድ ነው።

በማግሥቱ ጓንትና የኮምፒውተር ማንበቢያ ይዤ ስመጣ ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «አላመኑኝም ማለት ነው?» አለ። ይህችን ጥያቄ ፈርቼ ነው እኔ በ1998 አፌን የዘጋሁት። ዳር ላይ ተቀምጠን የጋሼን ታሪክ ከቡናው እስከ ኩርፊያው አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና «እሺ፣ የፈለጉትን ይዩ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ጭስ አልነበረም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ የላስቲክ ጓንት ጎተትኩበት። ጓንቱ እንደ ፊኛ ቢነፋ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኗል፣ ዘይቱም በጎማ ማኅተሞቹ በኩል መውጫ ይፈልጋል ማለት ነበር። ወደ ውስጥ ጠባ፤ ደስ አለኝ። ልጁ ግን በአዲስ ጥርጣሬ ያየኝ ጀመር፤ ጠንቋይ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ቀጥሎ ማንበቢያውን ከመሪው ሥር ሰካሁት። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ይህ መሰኪያ አለው። ብዙ ሰው «መብራት አልበራም» ብሎ ይተወዋል። ተንኮለኛ ሻጭ ግን መብራቱን አጥፍቶ ይጠብቃችኋል። የማይጠፋለት አንድ ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትንባቸው ዝርዝሮች ስሕተቱ ሲሰረዝ «ገና አልተጠናቀቀም» ወደሚለው ይመለሳሉ፣ መኪናዋ በደንብ እስክትነዳ ድረስም እንዲሁ ይቆያሉ። የልጁ መኪና ሦስቱ አልተጠናቀቁም። ልቤ ወደቀ። «ባለፈው ሳምንት ባትሪ ቀይሬላታለሁ» አለኝ። ባትሪ ሲነቀልም ያው ነው የሚሆነው። ማመንም መካድም አልቻልኩም። ሳምንት ሙሉ ወደ ሥራ ንዳትና ተመልሰን እንያት አልኩት፤ ተስማማ።

መንገድ ላይ ስወጣት አሞርዛተሮቿን ፈተንኩ። ይህች መኪና የአሞርዛተሮቹን ጥንካሬ የሚቀያይሩ ሦስት ቁልፎች አሏት፤ ሦስቱንም እየተጫኑ ጉብታ ላይ መሄድ ነው። ልዩነት ካልተሰማ፣ ወይም ሰሌዳው ላይ የሻንሲ ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ አራት አሞርዛተር መቀየር የመኪናዋን ዋጋ እኩሌታ ሊበላ ይችላል። ከዚያ ጠጠር ያለበት ሜዳ ፈልጌ ድንገት ረገጥኳት። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የምታስተላልፍ ጥርሳም ቀለበት አለች፤ ጥርሷ ከተበላ የኋላ ጎማዎች ዝም ይላሉ፣ በደረቅ አስፋልት ግን ነጂው አያውቅም። ጠጠር ላይ የፊቶቹ ብቻቸውን ሲሽከረከሩ ይጋለጣል። የእሷ የኋላዎቹ ገፏት። ይሁንና የፊት ጎማዎቿ አዲስ፣ የኋላዎቹ ያለቁ ነበሩ። አራት ጎማ በሚጎትት መኪና እንዲህ ያለ መበላለጥ ውስጡን ሳይታወቅ ይፈጀዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ብቻ መግዛት የሁላችንም ልማድ ነውና አልተቆጣሁም።

ወረቀቱን አላስረዝም። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መስታወቱ ሥርና በሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አየሁ፤ ከአሥራ ሰባቱ ምልክት አሥረኛው 6 ስለሆነ የ2006 ሞዴል መሆኗም ታወቀ። ከ2010 ሞዴል ወዲህ ያሉ ሳይሆኑ፣ 2010ና ከዚያ በፊት የሆኑ መኪናዎች ሲሸጡ ማይላቸውን በሕግ የማስመዝገብ ግዴታ የለባቸውም፤ ስለዚህ ማይሉን ከጥገና ደረሰኞቹ ጋር ማመሳከር የገዢው ፋንታ ነው። የሜሪላንዱ ኢንስፔክሽንም ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ያያል እንጂ ስለ ቱርቦም ስለ ቺንጋም አይጠይቅም።

ቺንጋ! የመጨረሻ ጥያቄዬ እሷ ነበረች። «የታይሚንግ ቺንጋዋ መቼ ተቀየረ?» አልኩት። ልጁ ደረሰኞቹን ሁሉ አገላበጠ። የዘይት አለ፣ የፍሬን አለ፣ የባትሪ አለ። ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አላውቅም» አለ። ያቺን «አላውቅም» ሃያ ምናምን ዓመት ጠብቄያታለሁ። የዚህች ሞተር ቺንጋ ሲበጠስ ውጤቱ እንደ መጀመሪያዋ መኪናዬ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ማይሉ ባይሞላ እንኳ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል።

በሳምንቱ ማንበቢያውን ስሰካ ሁሉም ተጠናቋል፣ ስሕተትም የለም። የባትሪው ነገር እውነት ነበር። ቺንጋውን፣ መወጠሪያውን፣ የውሃ ፓምፑንና ሁለት ጎማ አስልተን ካለው ዋጋ 1,400 ዶላር ቀነሰልኝና ተጨባበጥን። በቀጥታ ወደ ጋራዥ ወሰድናት፤ ልጁም ሥራዬን ቀርቼ አያለሁ ብሎ አብሮኝ ዋለ። መካኒኩ ቺንጋዋን አውጥቶ ወደ ኋላ ጠመም ሲያደርጋት በጥርሶቿ መካከል ያለው ላስቲክ እንደ ክረምት የናፈቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ልጁ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጣት። ከዚያ «ልውሰዳት?» ብሎ ጠየቀኝና በፌስታል ጠቅልሎ ይዟት ሄደ።