የሐጂ ጥቁር መኪና እና የአጋሮ አቧራ

ከጅማ የበደሌን መንገድ ይዞ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አጋሮ ይደርሳል። መንገዱ የቡን አልፎ ሲወጣና ሲወርድ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከቡናው በላይ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። በኅዳር የሄደ እንደሆነ ደግሞ ከተማዋን ዓይኑ ሳያያት አፍንጫው ያውቃታል። እሸት ቡና የሚፈለፈልባቸው ጣቢያዎች ሥራ ላይ ናቸውና የገለፈቱ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ በሚኒባሱ መስኮት ይገባል። በየመንገዱ ዳር ከእንጨትና ከሽቦ በተሠሩ ረዣዥም አልጋዎች ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው በእጃቸው እያገላበጡ መጥፎውን ፍሬ ይለቅማሉ።

እኔ የሄድኩት አምና በኅዳር ነበር። ክረምቱ ከወጣ ብዙ ሳይቆይ ያ ሁሉ ጭቃ አቧራ ሆኗል። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር ለቡና ሲሳይ ነው፤ ለነጭ የተማሪ ሸሚዝ ግን ጠላት ነው። እዚያ ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ለጥቁር መኪና ደግሞ ከሸሚዙም የባሰ ጠላት መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ጉዞዬ ነው።

አጋሮ የጎማ ወረዳ ከተማ ናት። ስለ መኪና ላወራ ስለሆነ ጎማ ስል የመኪናውን ጎማ እንዳታስቡብኝ። ያኛው ከጣሊያን የተዋስነው ቃል ነው፤ እንደ ኮፈን፣ እንደ ፍሬቻ፣ እንደ ካምቢዮ ሁሉ ከጋራዥ የመጣ። ይህኛው ጎማ ከዚያ በፊት የነበረ የአገር ስም ነው። ከሊሙ እናርያ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ ጋር ከአምስቱ የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር። ዛሬ ጎብኚው ሁሉ ጅማ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል። ማየቱስ ደግ ነው፤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የእንጨት ሥራ ድካም ያስረሳል። ግን አንድ ቀን ጨምሮ እስከ አጋሮ ቢዘልቅ ጥሩ ነው።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልበል። የዚህ አካባቢ ቡና ለብዙ ዘመን በዓለም ገበያ «ጅማ 5» እየተባለ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ፍሬው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ያልበሰለው ከበሰለው ጋር ይለቀማል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ የአፈር ጠረን ይይዛል። ከዚያ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እሸቱን መፈልፈልና በአልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዱሮሚና የተባለው የጎማ ገበሬዎች ማኅበር ቡና በአፍሪካ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ዱሮሚና በኦሮምኛ ሀብት ማለት ነው። ዛፉ ያው የአባቶቻቸው ዛፍ ነበር፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

ያረፍኩት ሐጂ ቤት ነው። ሐጂ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ሱቃቸውን ለልጃቸው አስረክበው በጓሯቸው ቡናና ንብ ይዘዋል። የተዋወቅነው ልጆቻችን ጅማ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሲማሩ ሲሆን፣ ልጆቹ ተመርቀው ሲበታተኑ እኛ ወላጆቹ ወዳጅ ሆነን ቀረን። ግቢያቸው ውስጥ በትልቅ ዋንዛ ሥር አንዲት ጥቁር ኮሮላ ቆማለች። 13 ዓመት በእጃቸው ነበረች። ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀለም ሌላ ቀለም ነክቷት አያውቅም። የመኪና ገበያ የሚያውቅ ሰው «ኦርጅናል ቀለም» የምትለዋ ቃል በእኛ አገር ስንት ብር እንደምታወጣ ይገባዋል።

መኪናዋ ልትሸጥ ነው። የልጅ ልጃቸው ጅማ ከተማ በአንድ የግል ኮሌጅ ነርስነት ትማራለች፤ የቀሪው ጊዜ ክፍያ ከዚህች መኪና ይወጣል ተብሎ ታስቧል። እኔ በደረስኩ ማግስት አንድ ገዢ ከጅማ መጣ። ሞተሩን አስነሥቶ ሰማ፣ ሥሯን አየ፤ ሁሉንም ወደደ። መጨረሻ ላይ ከዋንዛው ጥላ አስወጥቶ ፀሐይ ላይ አቆማትና ኮፈኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። «ሐጂ፣ ቀለሟ አልቋል፤ ሙሉ ቀለም ትፈልጋለች» አለና ከተነጋገሩበት ዋጋ 200 ሺህ ብር ቀነሰ። ሐጂ ዝም አሉ። ሰውዬው «እስከ ጁምዓ አስቡበት» ብሎ ሄደ።

የልጅ ልጃቸው፣ የነርሷ ታናሽ ወንድም፣ ዕድሜው ሃያን ያልሞላ፣ ጅማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከቀለም ቀቢ ጋር ሁለት ዓመት ሠርቷል። ገዢው ከወጣ በኋላ ኮፈኑን በጣቱ ዳሰሰና «አባባ፣ ቀለሙ አላለቀም። ላዩ ነው የተጫረው» አላቸው።

ነገሩን ለሁለታችንም አስረዳን፤ እኔም እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የአሁን መኪና ጥቁሩ ቀለም ላይ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት እንደ መስታወት የጠራ ሌላ ንብር አለው። ፀሐይና ዝናብን የሚመክተው እርሱ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ናት። አንድ የፀጉር ዘለላ ከዚያ ይወፍራል። ያ የሸረሪት ድር በዚህ ቀጭን ንብር ላይ የተሠሩ እልፍ ጥቃቅን ጭረቶች ነው። ክብ ሆነው ይታያሉ እንጂ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው የተጫሩ ናቸው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃኑን ወደኛ የሚመልሱትን ብቻ ስለሆነ በነጸብራቁ ዙሪያ የተሰደሩ ይመስለናል። ጭንቅላቴን ወደ ጎን ዞር ባደረግሁ ቁጥር ድሩ አብሮኝ ይሄድ ነበር። ነጭ መኪናም እኮ ይጫራል፤ ነጩ ግን ይደብቅለታል። ጥቁር ምንም አይደብቅም።

ከየት መጣ? ሐጂ በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንዲት ቢጫ ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ። የሌሊቱን አቧራ በደረቁ ይወለውላሉ። አሥራ ሦስት ዓመት! ፍቅር ነው፤ ሰውዬው መኪናቸውን እንደ በቅሎ ነው የሚወዷት። ነገር ግን በአቧራው ውስጥ ከክሊሩ የሚጠነክር ደቃቅ አሸዋ አለ፤ በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ያው የብርጭቆ ወረቀት ነው። ልጁ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዓይኑንም ወደ መሬት። ደስ ያለኝ አነጋገሩ ነው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» አላለም፤ «አቧራው ነው» አለ።

በከተማው የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። አንዱ ጎረቤት በጥርስ ሳሙና እሹት አለ። ሌላው ላምባ አለ። አንድ የላቫጆ ባለቤት ደግሞ በጥቂት ብር ቅባታማ ሰም ቀብቶ እስከ ጁምዓ እንደ መስታወት እንደሚያደርጋት ቃል ገባ። እውነቱን ነው፤ ያደርጋታል። ሰሙ ጭረቱን ይሞላዋል፣ ገዢው ያያል፣ ይከፍላል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ድሩ ተመልሶ ይወጣል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ነውር ሸፍኖ መሸጥ ሐራም ነው» አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ልጁ ግን ፊቱ ደመቀ። «የኔ መሸፈን አይደለም አባባ፤ አነሣዋለሁ። ካላመንክ በአልኮል ጠርገህ ታየዋለህ።»

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የበለጠው ጊዜ ያለቀው በማጠብ ነው፤ ይህ ለማንም የሚጠቅም ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ወንዝ አልወረደም። በወንዝ ዳር የሚታጠብ መኪና ዘይቱን ከታች ውኃ ለሚቀዱት ይልካል፤ የአጋሮ ጅረቶች ደግሞ በቡና ወራት ከመፈልፈያው የሚወርደው ፍሳሽ በቂያቸው ነው። ክረምት ከጣሪያ ከተጠራቀመው የሮቶ ውኃ ሁለት ባልዲ ቀዳ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ማለቅለቂያ። መጀመሪያ ውኃ ብቻ አፍስሶ አቧራውን አወረደ። ከዚያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና እንጂ የልብስ ዱቄት አልነካም። ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች፤ የበሮቹ ታችና የጎማው ዙሪያ መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። በየጊዜው ጨርቁን አለቅልቆ ባልዲው ሥር የተኛውን ቀይ ደለል አሳየን። ያ ሁሉ ኮፈኑ ላይ ሊፈተግ የነበረ ነው። ዋንዛው የጣለውን የሚያጣብቅ ፍሬና የወፍ ኩስ አልፋቀም፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ አርሶ አነሣው። የወፍ ኩስ በፀሐይ ሲደርቅ ክሊሩን ስለሚበላ ማደር የለበትም አለን። ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ማቆም እንዲህ ያለ ዋጋም አለው።

በማግስቱ ከጅማ የተዋሰውን ማሽን አመጣ። ሁለት ዓይነት ማሽን አለ። አንዱ በአንድ ዘንግ ብቻ በኃይል የሚሽከረከር ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን በአንድ ቦታ ከቆየ ያግላል፣ ክሊሩን ያቃጥላል። ሌላው እየዞረ የሚወዛወዝ ነው፤ ዘገምተኛና ታጋሽ። ልጁ የያዘው ሁለተኛውን ነበር። ጎማና ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፈነ፤ ክሊሩ ሲሳሳ የሚገኝባቸውን የኮፈን ጠርዞችም ጭምር። ከዚያ የትሪ ስፋት ያላት ቦታ ብቻ መርጦ፣ በጣም ደቃቁን ፖሊሽ አድርጎ ሞከረ። ጨርቁን አየው፤ አልጠቆረም። ከጠቆረ የሚነካው ቀለሙን ራሱን ነው፤ ካልጠቆረ ክሊሩ አለ ማለት ነው።

ያቺን ቦታ በአልኮል ጠርጎ ወደ ፀሐይ ሲያዞራት ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። በድሩ መሐል እንደ ጉድጓድ ውኃ የጠቆረ፣ ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ይታያል። የዋንዛው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ሳይቀር ተገልብጦ ይታይበታል። «ሱብሐን አላህ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ግማሹን ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። እስኪመለስ ሁለት ጊዜ ቡና ተፈላ። በዚያ መሐል ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ይህን በየዓመቱ ቢያደርጉትስ? «አይሆንም ጋሼ» አለኝ። ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው ዙሪያውን ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ፍቆ ነው። በየጊዜው ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፤ የሄደው አይመለስም። አልቆ ፀሐይ ቀለሙን ሲያገኘው ያኔ የገዢው ቃል እውነት ይሆናል። ስለዚህ ጥልቅ የሆኑትን ጭረቶች፣ ጥፍር ሲያልፍባቸው የሚይዙትን፣ ሆን ብሎ ተዋቸው። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በኋላ በር ላይ፣ አንዱ በፓራፋንጎው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ገዢው መጣ። ፀሐይ ላይ ዞሯት፣ ተጠራጠረ፣ «ምን ቀባችኋት?» አለ። ልጁ የአልኮሉን ጠርሙስና ንጹሕ ጨርቅ ሰጠው። ሰውዬው ራሱ ጠረገ፤ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን፣ እንደገና ኮፈኑን። ሐጂ እጁን ይዘው ሁለቱን የቀሩ ጭረቶች አሳዩት፤ የሰውዬውን ጣት በጣታቸው አስቀምጠው። ከቀነሰው 200 ሺህ ውስጥ 170ውን መለሰ። ተጨባበጡ፤ ዱዓ ተደረገ።

የኮሌጁ ክፍያ በሚቀጥለው ሳምንት ተከፈለ። ልጁ ለአዲሱ ባለቤት ሁለት የማይጭሩ ለስላሳ ጨርቆች በነጻ ሰጠውና እንዴት እንደሚያጥብ አስረዳው፤ ሰውዬውም ወንድሙ ጅማ ላይ ያለችውን ጥቁር መኪና እንዲያይለት ስልኩን ወሰደ። ሐጂ ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፈቱ። ያቺን ቢጫ ጨርቅ አወጡ፣ በአራት አጠፏት፣ ጋቢያቸው ሥር ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። ልጁ አይቶ ፊቱን አዞረ።