ጥርት ያለ ሰማይ ፍለጋ

የሰሜን ብርሃን ወቅት አይመርጥም። ከአርክቲክ ክበብ በላይ በጁንም በጃንዋሪም ይበራል፤ በጁን የማይታየው ፀሐይ ስለማትጠልቅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2024 ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ፣ ብርሃኑ እስከ ሰሜን ሜክሲኮ ድረስ ወርዶ ታየ። ይህንኑ ብርሃን ለማየት ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍባት የኖርዌይዋ ትሮምሶ ግን በዚያ ሌሊት ከሌላው ይልቅ ዕድለ ቢስ ነበረች፤ በሜይ ሰማይዋ እኩለ ሌሊትም ላይ አይጨልምም። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚነሣ መንገደኛ ጨለማውን የሚሻ ከሆነ ብርዱንም አብሮ መቀበል አለበት።

ብርሃኑ መነሻው ፀሐይ ነው። ከእርሷ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው ኤሌክትሪካዊ ሙል የያዘ የቅንጣቶች ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ አብዛኛውን ወደ ጎን ያሳልፈዋል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ ግን ከምድር በስተጀርባ በሌሊቱ ወገን ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ሲለቀቅ ኤሌክትሮኖች የመስኩን መስመር ይዘው ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዳሉ፣ ከአየሩ አቶሞች ጋርም ይላተማሉ። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ኦክስጅን አረንጓዴ ይሰጣል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ቀይ፤ ከታች ጠርዙን አልፎ አልፎ ሐምራዊ የሚያደርገው ናይትሮጅን ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው መግነጢሳዊውን ዋልታ በከበበ ቀለበት ውስጥ ሲሆን፣ ሰሜን ኖርዌይ፣ ሰሜን ስዊድንና ሰሜን ፊንላንድ ሌሊት ሌሊት ከዚህ ቀለበት ሥር ያልፋሉ።

ከዚህ ቀለበት በተቃራኒ ያለ ቦታ ከተፈለገ ኢትዮጵያን መጥቀስ ይቻላል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በምድሯ ላይ ያልፋል። እዚያ የመስኩ መስመሮች አግድም ይተኛሉ እንጂ ወደ መሬት አይወርዱም፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ወደ አየሩ የሚወርዱበት መንገድ የለም። በምትኩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚመዘግበው የመግነጢስ ለውጥ የዚህን ጅረት ታሪክ ይዟል። ብርቱ ማዕበል በሚነሣበት ጊዜ የትሮምሶም የአዲስ አበባም መሣሪያዎች አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ሕዝብ ያየዋል፣ ሌላው ሳያየው ያልፋል።

ቀለበቱ ሥር ለደረሰ ሰው ብርሃኑ ብርቅ አይደለም፤ ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ዓመት እንኳ ብዙ ሌሊት ይበራል። ብርቁ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት የኖርዌይን ዳርቻ ከበረዶ ይጠብቀዋል፤ ትሮምሶ በ69ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሆና የጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ዋጋው ደመና ነው። ተራሮቹን ተሻግሮ ወደ መሐል አገር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ እርጥበቱን ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት ሰማዩ ይጠራል፣ ምድር ሙቀቷን ወደ ጠፈር ትለቃለች፣ ብርዱም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ፣ አንዳንዴም 40 ይደርሳል። በስዊድን ዝናብ ከሚያንሳቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው አቢስኮ በዚሁ የተራራ ጥላ ሥር ነው፤ ከትሮምሶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፍዮርድ በሚባል ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለው ሺቦትንም እንዲሁ ነው፤ የትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻውን እዚያ የሠራው በከንቱ አልነበረም።

መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና፣ ሞተርሆም የሚባለው፣ ለዚህ ጉዞ የሚመረጥበት ዋና ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። ሆቴል የያዘ ሰው ደመናው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ሞተርሆም ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ የደመናውን ካርታ አይቶ መቶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ አልጋውም ሰማዩ በጠራበት ቦታ ይሆናል። ዋጋ መቆጠብና እንደልብ መሆን ብዙ ጊዜ እንደ ዋና ጥቅም ይነሣሉ፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ትንሽ ናቸው።

መኪናው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። ብርድ በመጀመሪያ የሚፈትነው ጋዙን ነው። ቡቴን በዜሮ ዲግሪ ገደማ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ማሞቂያው ይጠፋል። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል፤ ስለዚህ ከደቡብ የተሞላ ድብልቅ ጋዝ ይዞ ወደ ሰሜን መግባት አደጋ ነው። ቀጥሎ ውኃው ነው። የእጣቢው ማጠራቀሚያ በብዙ መኪኖች ከወለሉ በታች ለንፋስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ልምድ ያላቸው መውጫውን ክፍት ትተው ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጣሉ፤ በባልዲ ውስጥ የረጋ በረዶ ይደፋል፣ በቧንቧ ውስጥ የረጋ በረዶ ግን ቧንቧውን ይሰነጥቃል። በብዙ መኪኖች የውኃ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ቫልቭ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ራሱን ከፍቶ ውኃውን ያፈሳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጠዋት ባዶ ማሞቂያ ያገኛል። ናፍጣም ያው ነው፤ ከደቡብ የተቀዳው በብርድ ሰም ሠርቶ ማጣሪያውን ስለሚዘጋ፣ ታንኩ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ሰሜን ደርሶ የክረምት ናፍጣ መሙላት ይበጃል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ ማድረግ አይገባም፤ ስለዚህ ቦታው ሞቃት መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የማይገምተው ጠላት ግን ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ተኝተው የሚተነፍሱት፣ የሚፈላው ሻይና የሚደርቀው ልብስ የሚለቁት እንፋሎት በቀዝቃዛው የፊት መስታወት ላይ ውኃ ይሆናል፣ ከዚያም በረዶ። የፊት መስታወቱን ከውጭ በኩል በወፍራም ሽፋን ማልበስ ከውስጥ ከማልበስ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሙቀት ለመቆጠብ ብሎ የአየር መተንፈሻውን መድፈን ግን በጭራሽ አይገባም፤ የማሞቂያውን የጭስ መውጫ በረዶ ከሸፈነውም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው በተኛበት ይጠራቀማል። ጠዋት ጠዋት ጣሪያውን መጥረግና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መስቀል የዚህ ጉዞ የመጀመሪያ ሕግ ሊሆን ይገባዋል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከጣሊያኗ ሲሲሊ ጌላ ከተማ ተነሥቶ በጀርመን፣ በዴንማርክና በስዊድን አልፎ ኖርዌይ አልታ ላይ የሚያበቃው ኢ45 ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በስዊድን ውስጥ ከጎተንበርግ እስከ ካረስዋንዶ የሚሄደው ክፍል አብዛኛው በጫካ መሐል ነው። በኖርዌይ ከ3.5 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 31 የክረምት ጎማ ማድረግ ግዴታው ነው፤ ቀላሎቹም ቢሆኑ ብረት የተሰካበት ጎማ ቢኖራቸው ይመረጣል። የበረዶ ማዕበል ሲነሣ አንዳንድ መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፤ መኪኖች ተሰልፈው የበረዶ መጥረጊያውን ተከትለው ብቻ ያልፋሉ። በኖርዌይ ሰሜናዊ ዳርቻ ወዳለው ኖርድካፕ የሚወስደው የመጨረሻ 13 ኪሎ ሜትር በክረምት የሚታለፈው እንዲህ ነው። በመንገድ ዳር በተተከለ እንጨት ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ካዩ ሬንዲሮች፣ የሰሜን አጋዘኖቹ፣ በአካባቢው አሉ ማለት ነው። የአገሬው ሰው ለማያውቀው መንገደኛ የሚያደርገው ውለታ ነውና ፍጥነት መቀነስ ይገባል።

ኢ45 ወደ አልታ ከመድረሱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀደም ብሎ ካውቶኬይኖ የሚባል የሳሚዎች፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ ሰፈር አለ። ብዙ መንገደኛ ነዳጅ ቀድቶ ያልፈዋል። መቆም ግን ይገባል፤ ምክንያቱም ከሰሜን ብርሃን ፈላጊዎች ሁሉ ሊታወስ የሚገባው አንድ ሰው ክረምቱን የከረመው እዚህ ነው።

ሶፉስ ትሮምሆልት እ.ኤ.አ. በ1851 የተወለደ ዴንማርካዊ ሲሆን በኖርዌይ በርገን ከተማ አስተማሪ ነበር። አገሮች ተባብረው የዋልታ አካባቢዎችን ያጠኑበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት በ1882 ሲጀመር፣ የኖርዌይ ሳይንቲስቶች ጣቢያቸውን ዛሬ የአልታ ከተማ አካል በሆነችው ቦሰኮፕ ተከሉ። ትሮምሆልት ብቻውን ወደ ደቡብ ወርዶ ካውቶኬይኖ ተቀመጠ። ሐሳቡ ቀላልና ብሩህ ነበር፤ ሁለት ቦታ ያሉ ሰዎች አንድን ብርሃን በአንድ ቅጽበት ቢመለከቱና የታየበትን ማዕዘን ቢለኩ፣ በመሐላቸው ያለው ርቀት ስለሚታወቅ የብርሃኑን ከፍታ ማስላት ይቻላል። በዚያን ጊዜ አንዳንዶች ብርሃኑ ወደ ተራራ አናት እንደሚወርድ ያምኑ ነበር። ፊንላንዳዊው ሴሊም ሌምስትሮም እንዲያውም በተራራ አናት ላይ የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ ብርሃኑን ራሱ እንደፈጠረው ተናግሯል። የትሮምሆልት ስሌት ግን ብርሃኑን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አወጣው፤ ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ይስማማል። ቴሌፎን በሌለበት፣ ክረምቱን በሬንዲር በሚጎተት ተንሸራታች በሚደረስበት አገር፣ ሰዓትና መለኪያ ይዞ በብርድ የቆመ አንድ መምህር ያገኘው ውጤት ነው።

ሁለተኛው ፍላጎቱ ብርሃኑን ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። አልተሳካለትም። የጊዜው የመስታወት ፊልም ለደካማ ብርሃን የፈዘዘ ነበር፤ ደጋግሞ ሞከረ፣ መስታወቱም ባዶ ወጣ። የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ በ1892 ቦሰኮፕ ላይ ያነሣው ጀርመናዊው ማርቲን ብሬንደል ነው። ትሮምሆልት ግን ካሜራውን ከሰማይ አውርዶ ጎረቤቶቹ ላይ አደረገው። በዚያ ዘመን ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ፎቶ አንሺዎች ሰዎችን የሚያነሡት እንደ ናሙና ነበር፤ ፊት አለ፣ ስም የለም። እርሱ ስማቸውን ጻፈ። እናት ከልጇ ጋር፣ ሽማግሌው በበዓል ልብሱ፣ እያንዳንዱ በመጠሪያው ተመዘገበ። የመስታወት ፊልሞቹ ዛሬ በበርገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ዩኔስኮም በዓለም ማኅደረ ትውስታ መዝገቡ አስፍሯቸዋል። የአካባቢው ቤተሰቦች አያት ቅድመ አያቶቻቸውን በስም የሚያገኙት በእነዚህ ምስሎች ነው። ለሳይንሱ ካበረከተው ይህ አያንስም፤ ምናልባትም ይበልጣል።

ካውቶኬይኖ ዛሬም የሬንዲር አርቢዎች አገር ነው። መንጋው ክረምቱን በዚህ ደረቅ አምባ ከበረዶው ሥር ላይከን የተባለ ሽበት መሰል መኖ እየቆፈረ ይከርማል፣ በጸደይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተርሆም የሚያቆም ሰው የቆመበት ባዶ ምድር አለመሆኑን ማወቅ አለበት። የበረዶ መጥረጊያ የሚዞርበትን ቦታ አለመዝጋት፣ የአርቢዎችን የሞተር ተንሸራታች መንገድ አለመያዝ፣ ሌሊት ሞተር እያስነሡ አለመረበሽ ትንሹ ግዴታ ነው። በሳሚዎች ዘንድ ለብርሃኑ ማፏጨትና በእርሱ መሣለቅ ነውር ነው፤ እንግዳም ይህን ማክበር ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መመልከት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ፀሐይን ከሚከታተሉ ሳተላይቶች መካከል ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የቆሙት የአንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በፊት የሚነገረው ትንበያ ግምት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ የፈዘዘ ቅስት ነው። የሰው ዓይን በደካማ ብርሃን ቀለም ስለማይለይ ግራጫ ደመና ይመስላል፤ አዲስ መጤ ይህን አይቶ ተስፋ ቆርጦ ወደ አልጋው የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። መቆየት ያስፈልጋል። ቅስቱ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ የታችኛው ጠርዙ ድንገት ይደምቃል፣ አረንጓዴው ለዓይን ግልጽ ይሆናል፣ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰማዩን ሞልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይሮጣል። ከዚያ ተበታትኖ እየበራ እየጠፋ የሚኖር ጭጋግ ይሆናል። ዑደቱ በአንድ ሌሊት ሊደገም ይችላል። የስልክ ካሜራ ብርሃንን ለሴኮንዶች ስለሚያጠራቅም ዓይን ያላየውን ቀለም ያሳያል፤ ነገር ግን ፍጥነቱንና ስፋቱን አይዝም፤ ስለዚህ ሲደምቅ ስልኩን ኪስ መክተት ተገቢ ነው።

ለዚህ ጉዞ የተሻለው ጊዜ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ነው። ሌሊቱ ገና ረጅም ነው፣ ቀን ደግሞ ለመንዳት በቂ ብርሃን አለ፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት አካባቢም የምድርና የፀሐይ መግነጢሳዊ መስኮች አቀማመጥ ለማዕበል ይመቻል። በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ የሌሊቱ ሰማይ መንጣት ይጀምራል፣ መንገዱ ቀን ቀልጦ ሌሊት ይረጋል፣ መንጋው ወደ ባሕሩ ይነሣል፤ ብረት የተሰካበት ጎማ በሰሜን ኖርዌይ እስከ ኤፕሪል 30 ይፈቀዳል።