የተበላው ጥርስ

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ኮሌጅ የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ሮተርዳም ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን አስተምራለሁ። ባለፈው መጋቢት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን የሟች ባላቸውን ዕቃ ቤት ሲያጸዱ አቧራ የጠጣች፣ ሁለቱም ጎማዎቿ የተነፈሱ ፑኽ ማክሲ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። "ወይ ውሰዳት፣ ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ትሄዳለች" አሉኝ።

የማታውቋት ካላችሁ፣ ማክሲ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች፣ ፔዳል ያላት፣ ሞተሯ 50 ሲሲ እንኳ የማይሞላ ሞፔድ ናት። የዛሬዎቹ የሆላንድ አያቶች በወጣትነታቸው ትምህርት ቤትም፣ ጭፈራ ቤትም የሄዱባት ናት።

ብቻዬን አልሞክራትም ነበር። ክፍሌ ውስጥ ግን አንድ የ17 ዓመት ልጅ አለ (ስሙን ከጻፍኩ እንደማያናግረኝ ስለነገረኝ "ልጁ" እለዋለሁ)። ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ ስጠይቀው ትከሻውን ይነቀንቃል። የሞፔዷን ፎቶ ሳሳየው ቀና ብሎ "ጋሼ፣ መቼ ነው የምንፈታት?" አለኝ። "የምንፈታት" ያለውን ልብ በሉልኝ።

የማክሲ የቤንዚን ቋት ተነቅሎ አይታጠብም፤ የአካሏ ሆድ ራሱ ቋት ነው። ውስጡ ዝጎ ነበር። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ፈትተን ካወረድን በኋላ ኮምጣጤ ሞላንባት፣ አንድ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨመርንባት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይዘን እንደ ቅቤ ናጥናት። ሦስት ቀን አሳድረን ስናፈስሰው የወጣው የቡና አተላ ይመስል ነበር። በሶዳ ውሃ አጠብናት። ዳዶዎቹን ቆጥረን ነበር ያስገባነው፤ አንዷ ግን አልወጣችም።

ፑንቲናውን በአሸዋ ወረቀት ጠርገን ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረግነው። ካርቡራተሩን ፈታን፣ አጠብን፣ ገጠምን። ልጁ እዚህ አገር ስለተወለደ ከእኔ የሰማውን ስም ሁሉ ይጽፍ ነበር፦ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታ። በሳምንቱ "ጋሼ፣ የአማርኛ ቃል ያልከኝ ሁሉ ጣልያንኛ ነው!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አዳማ አጎቴ ጋራዥ ስሰማቸው ነው ያደግኩት፤ አማርኛ ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት።

አልተጣላንም ማለት አይደለም። እርሱ 70 ሲሲ ሲሊንደር ይግባላት አለ። እዚህ አገር ቢጫ ሰሌዳ ያላት ሞፔድ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ እንድትሄድ አይፈቀድም፤ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ጎማዋን በመሣሪያ እያሽከረከረ ፍጥነቷን ይለካል። ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ሰበክሁ፤ ትከሻውን ነቀነቀ። በመጨረሻ ሞተሯ እንደነበረች ትቆይ፣ መልኳ ግን የእርሱ ይሁን ተባባልን። ጥቁር ቀባት፣ መሪዋን ዝቅ አደረገው፣ ጠፍጣፋ ወንበር አስገባላት። እኔ ሰማያዊነቷን ነበር የምወደው። ዝም አልኩ፤ ቀላል አልነበረም።

ልናስነሳት በቀጠርንበት ቅዳሜ ካንዴላውን ስፈታው የአሉሚኒየም ልጣጭ ይዞ ወጣ። የቴስታው ጥርስ ተበልቷል። ካንዴላ መጀመሪያ በጣት ነው የሚገባው፤ በመፍቻ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ጥቂት ብቻ ነው። ጠማማ ገብቶ በጉልበት ከዞረ ብረቱ አሉሚኒየሙን ይልጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ ያሰረው ደግሞ ልጁ ነበር።

"ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ሁልጊዜ እንዲህ ነህ!" አልኩት።

ክፉዋ ቃል "ሁልጊዜ" ናት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ። በዚያው ወር ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ስለ ምላስ ሦስት ሳምንት አስተምሬያለሁ።

ማታ ራት ላይ ባለቤቴ "ረቡዕ ለብቻህ ያን ያህል አምሽተህባት፣ ዛሬም አልነሳ አለች?" አለችኝ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ረቡዕ! እሳት ይሰጥ እንደሆነ ላይ ብዬ ካንዴላውን አውጥቼው ነበር። በስልክ መብራት፣ እየተቻኮልኩ መልሼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ሲከብደኝ "ጠበቀ" ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ሌሊቱን አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ቴስታውን ዝም ብዬ አስጠግኜ፣ "ግድ የለም፣ ትቼዋለሁ፣ ና" ልበለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስኪነጋ ድረስ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ታላቅ ለታናሽ "አጥፍቻለሁ" ሲል ሳላይ ነው ያደግኩት። አባቴ በከንቱ የገረፈኝ ቀን ማታ ከረሜላ ይዞ ይገባ ነበር፤ ይቅርታው ያው ነበር።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለብቻው ልጠራው ስል እናቱ ቀደሙኝ፤ "ምን አጥፍቶ ነው? ትናንት ራቱን ሳይበላ ተኛ" አሉኝ። እዚያው ፊታቸው ነገርኩት፦ "ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ረቡዕ ማታ። ሳላጣራ ተቆጣሁህ። ይቅር በለኝ።" ጆሮዬ ጋለ።

ልጁ ጫማውን ሲያይ ቆየና "አውቅ ነበር" አለ። "እኔ ሳስረው በጣት ነው የገባው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ መምህር ነህ። ምን እላለሁ?"

ብዙ ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ይህ መልስ ነው።

የተበላውን ቀዳዳ አስፍተን፣ በሽቦ የተጠቀለለ አዲስ ጥርስ አስገባንለት። ካንዴላውን ልጁ አሰረ፤ እኔ መብራት ያዝኩ። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅለን ሞላናት። በስድስተኛው ሙከራ ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሣች። ጎረቤታችን ሽታው ጠርቷቸው በነጠላ ጫማ ወጡ፤ ጥቁሩን ቀለም አይተው ምንም አላሉም፣ መሪውን ግን ያዝ አድርገው ቆሙ።

ልጁ የራስ ቁሩን አጥልቆ ግቢውን ዞረ። ሲመለስ ሞተሩን አጥፍቶ ሞፔዷን ወዘወዛት። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ።

"ጋሼ፣ ይቺንስ ዳዶ የከተታት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።