ለተኛ ሰው የተቀባ ኮርኒስ

በነገሌ ቦረናም ሆነ ከእርሷ ወዲያ ባሉት የቆላ ከተሞች ቤት ሲሠራ ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። መሠረቱ ወጥቶ፣ ግድግዳው ቆሞ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ኮርኒስ ላይ ሲደረስ ኪስ ባዶ ነው። ስለዚህ “ለጊዜው” ተብሎ ማዳበሪያ ይሰፋና ይወጠራል። ትንሽ የተረፈው አቡጀዲ ይወጥራል፤ ደህና ገንዘብ ያለው ችፑድ ያስመታል። “ለጊዜው” የተባለው ግን አሥር ዓመት ይቆያል። ግድግዳው ሠርግ በመጣ ቁጥር ይታደሳል፤ ኮርኒሱን ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

በእርግጥ የሚያየው የለም? እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውንና ቴሌቪዥኑን አይቶ ይሄዳል። ኮርኒሱን የሚያየው የተኛ ሰው ነው፤ አራስ፣ ሕፃን ልጅ፣ በሽተኛ፣ እንቅልፍ የራቀው ሽማግሌ። ለእነርሱ ኮርኒሱ ዋናው ግድግዳ ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከወጣቶቻችን ጋር በሽተኛ ስንጠይቅ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ለወራት አልጋ ላይ የቆዩ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም “አኮ” እንላቸዋለን፣ አያቴ ማለት ነው። ሙዝና ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን፣ እንዘምራለን፣ እንጸልያለን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንወጣለን። አንድ ቀን ከወጣቶቹ አንዷ “አኮ፣ ብቻዎን ሲሆኑ ምን ያደርጋሉ?” ብላ ጠየቀቻቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። “ያንን የዝናብ እድፍ አያለሁ። ጠዋት ግመል ይመስለኛል፤ ማታ ምንም አይመስለኝም” አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወጣቶቹ ኮርኒሱን እንቀይር፣ እንቀባውም የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። ክርክር ተነሣ። አንዱ ወንድም “ይህ ገንዘብ ለመድኃኒት ቢሰጥ አይሻልም? ቀለም ቅንጦት ነው” አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበርና ወደ ባለቤቷ ይዘነው ሄድን። አኮም “ሽሮ አለኝ። መድኃኒቱን ልጄ ይገዛል። ቀኑ ነው የማያልቅልኝ” ብለው መለሱ። ችግረኛን ለመርዳት ስንነሣ የሚያስፈልገውን እኛው ወስነንለት እንሄዳለን፤ እርሱን መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

ምን ይሣልልዎ ስንላቸው አበባ አልፈለጉም። የቦረና ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከከብት ጋር ደጅ አድረዋል። “ቡሳንን ሥሩልኝ” አሉ። ቡሳን በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት፣ መጽሐፈ ኢዮብም የሚያነሣቸው የከዋክብት እጅብ ነው። ከወጣቶቹ መካከል ከተማ ተወልደው ያደጉት ስሙን ሰምተውት አያውቁም ነበር። የቦረና የዘመን ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎች፣ ወር የሚለዩት ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጎን እንደወጣች አይተው ነው። ዓመታቸው 12 የጨረቃ ወራት፣ 354 ቀናት ነው። ለዚህ ሕዝብ የሌሊት ሰማይ ራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ፤ ምናልባት እናንተም ትሞክሩት ይሆናል። ማዳበሪያ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለም አይዝም፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ስለዚህ አቡጀዲ ገዛን። አቡጀዲን የድሃ ዕቃ አድርጋችሁ አትናቁት። በአገራችን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ብዙዎቹ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። በጎንደር በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሾች ቃጠሎ የተረፈው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ ተሞልቷል። ዓይኖቻቸው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ስለሚመለከቱ፣ ታች የቆመ ሰው የትም ቢሆን የታየ ይመስለዋል። እነዚያ ሠዓሊዎች ከላይ ያለው ገጽ የሰውን ልብ እንደሚይዝ ያውቁ ነበር።

መጀመሪያ የሚያፈሰው የቆርቆሮ ምስማር ተደፈነ፤ ፍሳሹ ሳይደፈን የተቀባ ኮርኒስ የአንድ ክረምት ዕድሜ አለው። አቡጀዲው ከተወጠረ በኋላ ቀለም እንዳይመጥ በቀጭን ኮላ ታሸና አደረ። የቤቱ መስኮት አንድና ጠባብ ስለሆነ ሙሉውን በጥቁር ሰማያዊ መቀባት ክፍሉን ያጨልመዋል፣ ጣሪያውንም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ዙሪያውን ክሬም ቀብተን፣ ከአልጋው በላይ ያለውን ብቻ ሰማያዊ አደረግን። ከዋክብቱን ወጣቶቹ በትንሽ ብሩሽ ነጠብጣብ አደረጉ፤ አኮ ተኝተው “ወደ ግራ፣ አሁንም ወደ ግራ” እያሉ አዘዙ። አንገት ያማል። ሚኬላንጄሎ በሮም የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ ከ1508 እስከ 1512 እ.ኤ.አ. ሲቀባ እንዲሁ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ነበር። የእኛ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ፈጀ።

አቡጀዲውን የወጠረው የሰፈሩ አናጺ ነው። “የበጎ አድራጎት ሥራ ስለሆነ በነፃ ይሥራ” ያሉ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ኤርምያስ 22ን ከፈትን። ነቢዩ ንጉሥ ኢዮአቄምን ይወቅሳል፤ ንጉሡ ሰፊ ቤት ሠርቶ፣ በዝግባ አልብሶ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶታል፤ ለሠራለት ባልንጀራው ግን ደመወዝ አልከፈለም። በዚያ ምዕራፍ ቤቱ ላይ ወዮታ ያመጣው የቀለሙ ማማር ብቻ አይደለም፤ ከቀለሙ በስተጀርባ ያልተከፈለ የሰው ላብ አለ። ስለዚህ የአናጺውን ሙሉ ዋጋ አዋጥተን ከፈልን። ቤታችሁ ሲያምር ያሳመረው ሰው ልጆቹን በምን እንዳበላ ጠይቁ።

ጠያቂ አሁን ቶሎ አይወጣም። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይገቡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተጋድመው ቀና ይላሉ። አኮ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ የከዋክብቱን ስምና የወራቱን ቅደም ተከተል ያስተምሯቸዋል። እኛ የሄድነው የሚያዩት ነገር እንዲኖራቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ኮርኒሱን ጥቁር ሰሌዳ አድርገው መምህርት ሆኑ። አሁን ስንሄድ የምንሰማው ስለ ዳሌያቸው ብቻ አይደለም።

ውድ ወጣቶች፣ ቤት የምታስውቡት ለማን ነው? እንግዳ ለሚያየው ግድግዳ ሁላችንም እንጨነቃለን። በየቤታችሁ ተኝቶ ቀን የሚቆጥር ሰው ካለ ግን፣ በመጪው ቅዳሜ ከአጠገቡ ለአምስት ደቂቃ ተጋደሙና እርሱ የሚያየውን እዩ። ከዚያ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁት።