ማሞቂያ የሌለው ገንዳ
የኦሃዮ የጉዞ ማስታወሻ

ኮሎምበስ፣ የጥምቀት ማግሥት

ያረፍኩበት ቤት ሁለት ዓይነት አየር አለው። ፎቁ ላይ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ በቲሸርት ይዋላል። ደረጃውን ወርዶ ምድር ቤት ለሚገባ ግን ጋቢ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ያንን ብርድ የሚጠብቁት ሆን ብለው ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ሥር የወንዝ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች የተደራረቡበት ረጅም የመስታወት ገንዳ አለ። ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ ይላል። አጠገቡ ደግሞ አነስ ያለ ሌላ ገንዳ። በሁለቱም ውስጥ አንድም ዓሣ አላየሁም።

«ጋሼ፣ ሞተውብዎት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«መብራቱን አጥፋና ቁጭ በል» አሉኝ።

ቀይ የእጅ ባትሪ አብርተው ጠበቅን። አምባዛ የሌሊት ፍጥረት ነው፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ለሌሊቱም አይቸኩልም። ብዙ ቆይቶ ከድንጋዩ ሥር መጀመሪያ ጢሞቹ፣ ቀጥሎ ሰፊው አፉ ወጣ። ከአገጩ ሥር ያሉት ጢሞች ፈዘዝ ያለ ቢጫ ናቸው። እዚህ «የሎው ቡልሄድ» የሚሉት የአገሩ አምባዛ በዚህ ይታወቃል፤ ጥቁሩና ቡናማው ዘመዶቹ አገጫቸው ሥር ጥቁር ጢም ነው ያላቸው። መሬቱን እየዳሰሰ ትንሽ ሄደና ቆመ። ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም።

ትንሹ ገንዳ የማድቶሞች ነው። እነዚህ ጣት የሚያካክሉ አምባዛዎች በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች ይኖራሉ፤ ዝርያቸው ሠላሳ ገደማ ይሆናል። በጎንና በጀርባ ክንፋቸው ላይ ያለው እሾህ መርዝ አለው፤ የተወጋ ሰው ንብ የነደፈችው ያህል ይሰማዋል። ጋሼ በመረብ አይይዟቸውም፤ እሾሁ መረቡ ላይ ይጠመዳል። በፕላስቲክ ዕቃ ከነውሃው ነው የሚቀዷቸው። ከቡልሄዱ ጋር ለምን እንዳልቀላቀሏቸው ስጠይቅ ሳቁ፤ አፉን አላየኸውም ወይ ማለታቸው ነው።

ማታ፣ ወጥ ቤት

የቡና ወሬያችን ስለ ማሞቂያ ነበር። ዓሣ የሚሸጡ ሱቆች ገንዳ ለሚገዛ ሁሉ ማሞቂያ አብረው ያቀርባሉ። ከአማዞን ለመጣ ዓሣ እውነት ነው፤ ያለ ማሞቂያ ይሞታል። የኦሃዮ ወንዝ ዓሣ ግን በየዓመቱ በረዶ ሥር የሚከርም ነው። ውሃ ክብደቱ ከፍተኛ የሚሆነው በ4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የሐይቅ ፊት ሲጋገር ሥሩ 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይቆያል፤ አምባዛውም እዚያ ጥልቁ ውስጥ ይተኛል። ዓሣ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም። ውሃው በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሰውነቱ ሥራ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ምግብም እንደዚያው። አየር ደግሞ አያጥረውም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ከ8 ሚሊግራም ትንሽ ከፍ ያለ ኦክስጅን ሲይዝ በ5 ዲግሪ ወደ 13 የሚጠጋ ይይዛል።

ታዲያ ገንዳውን ማሞቅ ምን ይጎዳል? ዓሣው ይኖራል፣ ይበላል፣ ያድጋል። ነገር ግን ለብዙዎቹ የአገሩ አምባዛዎች የፀደይ መራባት የሚዘጋጀው በብርዱ ወራት ነው፤ ቅዝቃዜው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሙቀትና የቀኑ መርዘም ነው ጊዜው ደረሰ የሚላቸው። የጣናው አምባዛ ዝናብ ጠብቆ፣ ውሃው ሲሞላ ወደ ረግረጉና ወደ ገባር ወንዞቹ ይወጣል። ዓሣ የራሱን ወቅት እንደሚጠብቅ ጋሼ ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ የኦሃዮውን ዓሣ ብርድ ለመንፈግ አልተፈተኑም።

ብርዱም ቢሆን በአንድ ሌሊት አይመጣም። ገንዳው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከምድር ቤቱ ጋር እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ወደ ሚያዝያ እንዲሁ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ዓሣ የሚገድለው ድንገተኛ ለውጥ ነው። በጥር የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የሚጨመረው ውሃ በባልዲ ሆኖ እዚያው ምድር ቤት ያድራል፣ የከተማው ክሎሪንም በመድኃኒት ይከሽፋል። ደግሞም ከገንዳው ውሃ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚቀይሩት። የአምባዛ ቆዳ ከጢም እስከ ጅራት ጣዕም የሚለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ቶድና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ የሎው ቡልሄዶች እርስ በርስ በጠረን እንደሚተዋወቁና ማን አለቃ ማን ታዛዥ እንደሆነ በዚሁ እንደሚያውቁ አሳይተዋል። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ አዲስ መሙላት ጎረቤትን ከጎረቤት ማሳሳት ነው ይላሉ ጋሼ። የእሳቸው ግምት ነው፤ እኔን ግን አሳምኖኛል።

ስለ ምግብ ብዙ የሚባል የለም፤ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ምንም። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ዓሦቹ መመገቡን ወደ ማቆም ይቀርባሉ። ጋሼ ሲሰጡም የተከተፈ የመሬት ትል ወይም የሚሰምጥ ደረቅ መኖ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ። ጠዋት የተረፈውን በቱቦ ስበው ያወጣሉ። ማጣሪያው ውስጥ አሞንያን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም በብርድ ይዝላሉና፣ የበሰበሰ ትራፊ በጥርም ጉዳት ያደርሳል። እኛ አገር እንግዳን ብላ ብላ ማለት ክብር ነው፤ በዚህ ገንዳ ግን ለጋስ እጅ ነው ገዳይ። አንድ ጎረቤታቸው ፍሬሽ ሽሪምፕ ይዞ መጥቶ እንደነበር ነገሩኝ። በሩ ላይ መልሰውታል።

ሌላው ፍርሃታቸው መብራት መጥፋት ነው። የበረዶ ዝናብ ሽቦ ሲበጥስ ማጣሪያውም የአየር ፓምፑም ይቆማሉ። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች።

ቢግ ዳርቢ

በበነጋው ከከተማው ወደ ምዕራብ ነዳን። ቢግ ዳርቢ ጠርዙ በበረዶ ተጋግሮ መሐሉ ይፈሳል። ወንዙ ስፋቱ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ውሃው ንጹሕ በመሆኑና በውስጡ በሚኖሩት የዓሣና የዛጎል ዓይነቶች ብዛት በመላው አገሪቱ ስሙ ይነሳል። ድንጋዩ የሚንኮሻኮሽበት ፈጣን ውሃ አጠገብ ቆመን ሳለ ጋሼ ስለ ሳዮቶ ማድቶም ነገሩኝ።

ይህ ትንሽ አምባዛ በዓለም ላይ ከዚህ ወንዝ በቀር የትም ተገኝቶ አያውቅም። ሳይንስ በእጁ ያስገባው በጠቅላላ 18 ዓሣ ነው፤ የመጀመሪያው የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1943፣ የመጨረሻው በ1957። ሳይንሳዊ ስሙ የተሰየመው የኦሃዮን ዓሦች ዕድሜ ልኩን ባጠናው በሚልተን ትራውትማን ስም ነው። ከ1957 ወዲህ ብዙዎች ፈልገውታል፣ ያገኘው የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ጠፍቷል ብሎ አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ አወጣው። ስለ አኗኗሩ የሚታወቀው እጅግ ትንሽ ነው።

ስለ ዘመዶቹ ግን ይታወቃል። ማድቶሞች በፀደይ መጨረሻና በበጋ ከድንጋይ ሥር ጎድጓዳ ቦታ ይመርጣሉ፤ ተባዕቱ እንቁላሉን ይጠብቃል። ድንጋይ ባጡበት የተጣለ የቢራ ጣሳ ውስጥ ገብተው ይፈለፍላሉ። ይህንን የምናውቀው ጎንበስ ብለው የተመለከቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በቤት ገንዳ ውስጥ እነዚህን ዓሦች ማክረም የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ጋሼ በእያንዳንዱ ማታ የውሃውን ሙቀትና ማን ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደወጣ በደብተር ይጽፋሉ፤ በአማርኛ።

ለመጀመር ያሰበ

ኮሎምበስም ይሁን ሚኒያፖሊስ ለምትኖሩና ልጆቻችሁ ዓሣ ካልገዛችሁልን ለሚሏችሁ፣ የጋሼን ምክር ላድርስ። መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ። በኦሃዮ 16 ዓመት የሞላው ሰው ለማጥመድ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ጥበቃ የሚደረግላቸውን ዝርያዎች መንካት ፈጽሞ አይቻልም፤ ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሁለተኛ፣ ቻነል ካትፊሽ የሚባለውን ውብ ጫጩት አይታችሁ አትታለሉ፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ለሱ የሚሆን ሳሎን የላችሁም። ከሁሉም በላይ፣ የሰለቻችሁን ዓሣ፣ የአገሩ ተወላጅ ቢሆንም እንኳ፣ ወንዝ ወስዳችሁ አትልቀቁ። ከገንዳ በሽታ ይዞ ሊወርድ ይችላል። የሚወስድላችሁ ሌላ አርቢ ፈልጉ፤ እስክታገኙ ድረስ ምድር ቤት ይቆይ።