ናፍጣ የአስተዳደር ወጪ ነው?

የእንግሊዝ እርዳታ ድርጅት ስም ሲነሳ ጓደኞቼ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ከመቶ ስንቱ ደሞዝና መኪና ላይ ያልቃል?» ጅግጅጋ ውስጥ አርማ የተለጠፈበት ላንድክሩዘር ሲመላለስ ያየ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መንግሥትም በዚሁ መንገድ አስቦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ቀጥሎ የወጣው መመሪያ ብዙ የሥልጠናና የመኪና ወጪን ሳይቀር አስተዳደር ውስጥ ከተተው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የወጪ መመዝገቢያ ስትሠራ ለእያንዳንዱ ብር ምድብ ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ታዲያ ናፍጣ የት ይግባ? አዲስ አበባ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለሚሄድ መኪና፣ እሺ፣ አስተዳደር ይሁን። ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ክትባት የሚያደርስ መኪና ግን ናፍጣ ከሌለው ክትባቱም የለም።

እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን የተመሠረተውን ሴቭ ዘ ችልድረን እንውሰድ። ከአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሽኒሌ፣ በዛሬው ሲቲ ዞን፣ እና በሊበን ስለ ወተትና ስለ ሕፃናት አጥንቷል። በደረቅ ወቅት ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ ይርቃል፣ ወተት ይጠፋል፣ ልጅ ይከሳል። ስለዚህ ከእናቶችና ከልጆች አጠገብ ለሚቀሩት የሚታለቡ እንስሳት መኖ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ልጆቹ ወተት አገኙ፤ ድጋፉ ካልደረሰባቸው ቦታዎች በተሻለም ከመክሳት ዳኑ።

አሁን ደረሰኙን አስቡት። ለንደን ላይ «ለሕፃናት» ብሎ ፓውንድ የሰጠ ሰው የሚያነበው «የከብት መኖ» እና «ማጓጓዣ» የሚል ነው። ምድቡን ብቻ ካየ ገንዘቡ መንገድ የሳተ ይመስለዋል።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ አስተዳደር የሚለውን ግን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ለማይገናኝ ወጪ ወሰነው። ይህ ትልቅ ማሻሻያ ነው። ሆኖም ማንኛውም ፍቺ ማምለጫ አለው፤ የቢሮውን መኪናም «ፕሮጀክት» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ስለዚህ መቶኛው ይቅር አልልም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የሒሳብ ሪፖርት ለንደን ላለው ተቆጣጣሪም ለአዲስ አበባውም ይቀርባል። በሶማልኛ ተጽፎ ሽኒሌ ላለችው እናትም ቢነበብላት፣ መኖው ደርሶ እንደሆነና ልጇ ወተት ጠጥቶ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ኦዲተር የለም።