ከነቀምት እስከ ዴዴሳ፤ ከአውራ ዶሮ ላባ ስለ ተሠራች ዝንብ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን አምቦንና ባኮን አልፈን፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጕዘን ነቀምት ገባን። በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉትን የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት አየን፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏልና አንደግመውም። ለአንባቢዎቻችን ልንነግር የወደድነው ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፣ በዴዴሳ አጠገብ የሆነውን ነው።

ልጃችን አብሮን ነበረና ዓሣ ማጥመድ አስተምሩኝ ብሎ ያዘን። እኛ ግን በልጅነታችን የተማርነው አንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ እርሱም ብርብራ ነው። የዛፉን ፍሬ ወቅጠን በኵሬ እንበትን ነበር። በፍሬው ውስጥ ሮተኖን የሚባል መርዝ ስላለ፣ ዓሣው ከውሃው የሚስበው አየር ለሰውነቱ እንዳይጠቅመው ይከለክላል፤ ታላቁም ታናሹም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ትልልቁን ለቅመን፣ ጣት የማያህለውን እዚያው ጥለን እንሄድ ነበር። በሚቀጥለው በጋ ከዚያ ኵሬ አንድ ስንኳ አላገኘንም። ይህን ለልጃችን ማስተማር አሳፈረን።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፣ ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ኤሊያኖስ የተባለ የሮማ ሰው የጻፈውን አንብበን ነበር። የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ይጠመጥማሉ፤ ከአውራ ዶሮ ጕሮሮ ሥር የበቀሉ ሁለት ላባዎች ይጨምሩበታል፤ ዓሣውም ዝንብ መስሎት ይጐርሰዋል ይላል። እንሞክረው አልን። ያደርንበት ቤት እመቤት ለወጥ ያሳረዱትን ቀይ ዶሮ የአንገት ላባ ብንለምናቸው፣ «ጌታዬ፣ ሰው ሥጋውን ትቶ ላባውን ይለምናል?» ብለው ሳቁብን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሐር ክር በሰም ይታሻል። ክሩ ከመንጠቆው ራስ ጀምሮ እስከ ጕብጠቱ ይጠመጠማል፤ ቀዩ ጠጕር በዚያ ታስሮ ወደ ራሱ እየተጠመጠመ ይመለሳል፤ ለላባው ግን ጥቂት ቦታ ይተርፋል። ላባው በአገዳው ታስሮ ሦስት አራት ጊዜ ሲዞር፣ ጭገሩ እንደ ዝንብ እግር ዙሪያውን ይቆማል። ከዚያ በኋላ ክሩን ቋጥሮ መቍረጥ ነው። እኛ የመጀመሪያይቱን ስንሠራ ክሩን በሰም ማሸት ረሳን፤ ውሃ እንደ ነካት ተፈታች። የወለጋ ሰው በማር ባለጠጋ ሆኖ ሳለ ሰም መርሳታችን ይገርማል!

ዴዴሳ አዞ ስላለበት፣ አንድ ሽማግሌ ወደ እርሱ በሚገባ ጠባብ ጅረት ዳር አቆሙን። ክሩም የፈረስ ጭራ ተገምዶ የተሠራ ነበር። ሁለተኛይቱ ዝንብ በውሃው ላይ ጥቂት እንደ ተንሳፈፈች ውሃው ቦግ አለ፤ ክሩም ተወጠረ። ልጃችን ሲስበው ስንዝር የማትሞላ፣ ጢም ያላት ነጭ ዓሣ ወጣች።

መንጠቆውን ከከንፈሯ ካወጣ በኋላ፣ እጁን አርጥቦ ያዛትና፣ «አባባ፣ ይህች ገና ልጅ ናት» አለን። እኛም ዝም አልን። እርሱም ወደ ውሃው ለቀቃት።

በዚያ ማታ ከትናንቱ ዶሮ የተረፈውን ወጥ በላን።